የሰማይ ብረትን ጥለት አውጥቶ መለካት፦ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ በሚገኝ ዕቃ

የብረት ሜትዮራይት፣ ማለትም ከሰማይ የወደቀ ብረት፣ ተቆርጦ ሲወለወል ከማንኪያ አይለይም። ወዝ ያለው ባዶ ግራጫ ፊት ነው። ብረቱን በስሱ የሚበላ ፈሳሽ ሲቀባ ግን ከውስጡ ጥለት ይወጣል፦ እርስ በርሳቸው የሚሻገሩ ቀጥ ያሉ ሰንበሮች፣ በሰንበሮቹ ዳርና ዳር የሚያበሩ ቀጫጭን ክሮች፣ በመካከላቸው የቀሩ ደብዛዛ ሦስት ማዕዘኖች። ያየው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል «ፍራክታል ነው» ይላል፤ ትልቁ ቅርጽ በትንሹ ውስጥ እየደቀቀ ሳያቋርጥ የሚደገምበት ማለቱ ነው። እኔም እንደዚያ እል ነበር። አንድ ቀን ግራፍ ወረቀት አስደግፌ ስቆጥር አለመሆኑን አየሁ፤ ያልሆነበት ምክንያት ደግሞ ከፍራክታሉ የበለጠ ማረከኝ።

ይህ መመሪያ ሁለቱን ሥራዎች አንድ ላይ ይዟል፦ ጥለቱን ማውጣትና መቁጠር። ከሜትዮራይቱ በቀር ሁሉም ዕቃ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በመርካቶ ይገኛል። ለሥራው አንድ ቅዳሜ ይበቃል፤ ለቆጠራው አንድ ምሽት ጨምሩ።

ቁራጩን መምረጥ

ሜትዮራይቱ ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ነው የሚገባው። የክብሪት ሳጥን የሚያህል፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጥለቱ ገና ያልወጣለት ቁራጭ ጠይቁ። ጥለቱ ወጥቶ የሚሸጠው ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ዋናውን ደስታም ሌላ ሰው ቀምሶታል ማለት ነው።

በብረቱ ውስጥ ያለው ኒኬል ወሳኝ ነው። ከ6 በመቶ በታች ኒኬል ያለው ብረት ሰንበር አያወጣም። እጅግ ብዙ ኒኬል ያለውም ለዓይን የሚታይ ጥለት የለውም፤ በናሚቢያ መሬት ላይ እንዳለ የቀረውና 60 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሆባ ከዚህ ወገን ነው። መሃል ላይ ያሉት፣ 8 በመቶ አካባቢ ኒኬል ያላቸው፣ ለእኛ ሥራ የተመቹ ናቸው። ከስዊድን የሚመጣው ሙዮኒዮናሉስታ ሰንበሩ 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ በትንሽ ቁራጭ ላይ ብዙ ሰንበር ይገኝበታል። የአሪዞናው ካንየን ዲያብሎ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ በትንሽ ቁራጭ ላይ የሚታየው ጥቂት ነው። የናሚቢያው ጊቤዮን ከሁሉም ያምራል፤ ነገር ግን አገሩ በሕግ የጠበቀው ቅርስ ስለሆነ ወረቀቱን ሳታዩ አትቀበሉ። የሰውን ቅርስ በሻንጣ ማስወጣት ምን ማለት እንደሆነ እኛ አገር ማስረዳት አያሻም።

ሩቅ ሳንሄድ፣ ጎረቤታችን ሶማሊያ ውስጥ ኤል አሊ በተባለ ቦታ 15 ቶን የሚደርስ የብረት ሜትዮራይት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከእሱ በተወሰደች ትንሽ ናሙና ውስጥ በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ማዕድናት መገኘታቸው ተነገረ፤ አንዱ በቦታው ስም ኤላላይት ተባለ። የአካባቢው ሰዎች ግን ድንጋዩን ከዚያ በፊት ጀምረው ያውቁት ነበር።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ጥቁሩ፣ ውሃ የሚችለው ብርጭቆ ወረቀት፣ ቁጥሩ 120፣ 220፣ 400፣ 600 እና 1000። የሲንጀር ዘይት። 97 በመቶ አልኮል። ቤኪንግ ሶዳ። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ብረት የሌለበት። ሁለት የፕላስቲክ ሳህን፣ ከዚያ በኋላ ለምግብ የማይመለስ። የጎማ ጓንትና ዓይንን ዙሪያውን የሚሸፍን መነፅር። አጉሊ መነፅር፤ ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። የማኅተም ቀለም። ግራፍ ወረቀት።

ፈሳሹ ፌሪክ ክሎራይድ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች የሰርኪዩት ሰሌዳ መዳብ የሚበሉበት ስለሆነ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫዎች ጋ ጠይቁ። ላቦራቶሪዎች በአልኮል የቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ይጠቀማሉ፤ የሚያወጣው ጥለት ንጹሕ ነው። ቤት ውስጥ ግን አትሞክሩት። መጠኑ ከበዛ ወይም ዕቃው ከተከደነ ይፈነዳል፣ ጭሱም ሳንባ ይጎዳል። ወርቅ ሠሪ ወዳጃችሁ ናይትሪክ አሲድ አለኝ ቢላችሁ እንኳ አመስግናችሁ እለፉ።

ማጠቢያው የባትሪ ውሃ ነው። የመኪና መለዋወጫ ቤት ስትገዙ «የባትሪ ውሃ» በሉና ጽሑፉን አንብቡ፤ አጠገቡ የሚደረደረው የባትሪ አሲድ ነው፣ ጠርሙሱም ይመሳሰላል። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። ክሎሪን አለበት፣ ክሎሪን ደግሞ የዚህ ብረት ጠላት ነው። የመጀመሪያ ቁራጬን በቧንቧ ውሃ አጥቤ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ክረምቱ ሳያልፍ ጥለቱ ላይ ቡናማ ላብ የሚመስል ዝገት ወጣበት። እንደገና ከ120 ቁጥር መጀመር ነበረብኝ።

ማለስለስ

ወረቀቱን መስታወት ላይ አንጥፉ፣ ጥቂት የሲንጀር ዘይት ጠብ አድርጉ፣ ቁራጩን በወረቀቱ ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ግፉ። ወደሚቀጥለው ቁጥር ስትሻገሩ ቁራጩን ሩብ ዙር አዙሩት፤ ያለፈው ጭረት ከአዲሱ ጋር መስቀለኛ ስለሚሆን ጨርሶ መጥፋቱን በቀላሉ ታያላችሁ። አንድ የ120 ጭረት እንኳ ከቀረ ፈሳሹ እሱንም አጉልቶ ያወጣዋል፣ ከሰንበሩ ጋርም ይምታታል። በዚህ ደረጃ ላይ የሚቸኩል ሰው መጨረሻ ላይ ይቆጨዋል።

የወርቅ ሠሪ መወልወያ ሞተር አትጠቀሙ። ጠርዙን ያሟሟል፣ ያግላልም። ይህ ብረት እሳት አይወድም፤ በኃይል ከጋለ ሰንበሩ ይደበዝዛል፣ የባሰም ከሆነ ይጠፋል። የቱታንክሃሙን ጩቤ ከሜትዮራይት ብረት የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት በስለቱ ላይ የጥለቱ ርዝራዥ መትረፉን አይቶ፣ ጩቤው ሲቀጠቀጥ ሙቀቱ ዝቅ ያለ እንደነበር የደመደመው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

1000 ቁጥር ላይ ስትደርሱ በሳሙና፣ ቀጥሎ በአልኮል ዘይቱን አጽዱ። ከዚያ በኋላ ፊቱን በጣት አትንኩ። ያረፈ የጣት አሻራ ፈሳሹን ይከለክላል፣ አሻራውም ጥለቱ ላይ ታትሞ ይቀራል።

መቀባት

በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ፣ ልጆች በሌሉበት ሥሩ። ጠጣር ፌሪክ ክሎራይድ ከሆነ ወደ ውሃው ጥቂት በጥቂት ጨምሩ፤ ይሞቃል፣ ስለዚህ ውሃ በላዩ አታፍስሱ። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ጠንካራው ቡናማ ፈሳሽ ከሆነ አንዱን እጅ በሦስት እጅ የባትሪ ውሃ አቅጥኑ። ቁራጩን ሳህኑ ውስጥ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ብሩሹን ነክራችሁ ሳታቋርጡ ቀቡ።

መጀመሪያ ምንም የለም። ፊቱ ብቻ ወዙን ያጣል፣ መስታወት ላይ እንደሚያርፍ ትንፋሽ ይደበዝዛል። ከዚያ በአንዱ ማዕዘን አንዲት መስመር ትወጣለች፤ ቀጥ ያለች፣ ከፀጉር የቀጠነች፣ ከዙሪያዋ በላይ የምታበራ። ብሩሹ ተመልሶ ሲያልፍ ሦስት ይሆናሉ። ሌሎች በሌላ አቅጣጫ ይሻገሯቸዋል፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥም ፊቱ በሙሉ ይሞላል። ይህን ያደረግሁት አንዴ በአንድ አዛውንት ወርቅ ሠሪ ሱቅ ደጃፍ ነበር። ያ የፒያሳ ክፍል ያኔ አልፈረሰም። ሥራቸውን አቁመው ከጀርባዬ መጡና ዝም ብለው አዩ።

«ይኼን ማን ቀረጸው?» አሉ።

«ማንም አልቀረጸውም ጋሼ። ውስጡ ነበር።»

ቁራጩን በፒንሳ ይዘው ጠርዙን አዩ። ፊት ላይ ያለው ሰንበር ጎን ላይ ይወርድ እንደሆነ ማየታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁራጭ የሚያሳየኝ ሰው ሁሉ ላይ የማደርገው ፈተና ይኸው ነው። የእውነተኛው ጥለት ብረቱን አልፎ ይሄዳል፤ ጎኑ ቢለሰልስና ቢቀባ እያንዳንዱ ሰንበር በጎኑ ይቀጥላል። በሌዘር የተሣለ ማታለያ ጠርዙ ላይ ያበቃል።

ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ለማየት ብቻ ከሆነ ቶሎ አቁሙ፤ ማተም ከፈለጋችሁ ክሮቹ በጥፍር እስኪዳሰሱ ድረስ ጨምሩ።

ማቆምና ማድረቅ

ቁራጩን አውጥታችሁ በባትሪ ውሃ አለቅልቁ። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በብዛት በሟሟበት የባትሪ ውሃ ውስጥ ለሃያ ደቂቃ ያህል ንከሩት፣ እንደገና በንጹሕ የባትሪ ውሃ አለቅልቁ፣ በመጨረሻም ሁለት ጊዜ በአዲስ አልኮል። ፌሪክ ክሎራይድ ከናይትሪክ አሲድ ይልቅ ለሰው የዋህ ቢሆንም ክሎሪኑን ስንጥቅ ውስጥ ይተዋል፤ ማጠቢያውን ያሳጠረ ሰው በሐምሌ ዝገት ያገኛል። በፀሐይ ወይም በፀጉር ማድረቂያ አድርቁት። የሲንጀር ዘይት በስሱ ቀብታችሁ ከጫማ ካርቶን በሚወጣው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር በሚገጠም ዕቃ ውስጥ አኑሩት።

ያገለገለው ፈሳሽ ኒኬል ስላለበት ወደ ሲንክም ወደ ግንፍሌ ወንዝም አይፈስም። መፍላቱ እስኪያቆም ሶዳ ጨምሩበት፣ በጀሪካን አድርጋችሁ ስሙን ጻፉበት፣ ቆሻሻውን በአግባቡ ለሚያስወግድ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ስጡ።

የወጣውን ማንበብ

ሰፋፊዎቹ ሰንበሮች ካማሳይት ይባላሉ፤ ኒኬላቸው ጥቂት ስለሆነ ፈሳሹ ቶሎ ይበላቸዋል። የሚያበሩት ክሮች ቴናይት ናቸው፤ ኒኬል ስለበዛባቸው ይቋቋማሉ፣ ከፍ ብለውም ይቀራሉ። መካከል ላይ የቀረው ደብዛዛ ቦታ ፕሌሳይት ነው፤ የሁለቱ ደቃቅ ድብልቅ።

ቁራጩን በመስኮት ብርሃን ሥር ቀስ ብላችሁ አዙሩት። አንዱ የሰንበር ወገን ሲያበራ ሌላው ይጨልማል፣ ስታዞሩት ይለዋወጣሉ። አሁን አቅጣጫዎቹን ቁጠሩ። ሰንበሮቹ የሚያድጉት ስምንት ፊት ባለው ቅርጽ ገጾች ትይዩ ነው፤ ስምንቱ ገጾች ሁለት ሁለት እየሆኑ ትይዩ ስለሆኑ ያሉት አራት አቅጣጫዎች ብቻ ናቸው። መጋዙ በየት በኩል እንዳለፈ የሚታየው ይለያያል። ሁለት አቅጣጫዎች ብቻ ቀጥ ባለ ማዕዘን ተሻግረው እንደ ድርና ማግ ከታዩ ቁርጡ በአንድ የተለየ ገጽ ትይዩ ወድቋል። ሦስት አቅጣጫዎች እኩል ጎን ያላቸው ሦስት ማዕዘኖች ከሠሩ በስምንት ፊቱ ቅርጽ ገጽ ትይዩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን አራቱም በተዛባ ማዕዘን ይታያሉ።

ያልተለመዱትን አትለፏቸው። በአንድ ሰንበር ውስጥ ብቻ የሚሄዱ፣ ድንበሩ ላይ ሲደርሱ የሚቆሙ እጅግ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ካያችሁ የኖይማን መስመሮች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1848፣ ከአንድ ዓመት በፊት በቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ) ብራውናው ላይ በወደቀ ሜትዮራይት ተለይተው የታወቁ፣ ከሰማይ ግጭት የተረፉ ጠባሳዎች። ነሐስ የሚመስል ክብ ጉድፍ ትሮይላይት ነው፣ የብረትና የድኝ ውህድ፤ ብዙ ጊዜ ዙሪያውን ሰንበር አቅፎት ይገኛል። ፕሌሳይቱን ደግሞ በወርቅ ሠሪው መነፅር እዩት። አንዳንዱ ቦታ ላይ ያው ጥለት፣ በዚያው አራት አቅጣጫ፣ ደቅቆ እንደገና ይታያል። «ፍራክታል» የሚያሰኘው ይህ ነው፣ ስለዚህ ወደ ቆጠራው እንሂድ።

ማተም

ከፎቶ ይልቅ ኅትመት ይሻላል። ይህን ጥለት እ.ኤ.አ. በ1804 ናፖሊ ውስጥ ቶምሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሳይቤሪያ ሜትዮራይትን በናይትሪክ አሲድ ሲያክም አየው። በ1808 የቪየና ንጉሣዊ የሸክላ ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ቪድማንሽቴተን ቁራጭ በእሳት ላይ ሲያሞቅ በቀለም ልዩነት አየው፤ ስሙም የእሱ ሆኖ ቀረ። ሥዕሉን በእጅ ከማስገልበጥ ይልቅ በጥልቅ የተበላውን ብረት ራሱን ቀለም ቀብተው ወረቀት ላይ አተሙት፤ የቪየና የተፈጥሮ ስብስቦች ኃላፊ የነበረው ሽራይበርስ በ1820 ባሳተመው ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለ ኅትመት አለ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የማኅተም ቀለሙን በጣም በስሱ መስታወት ላይ ዘርጉ፣ ጠንካራ ጎማ በቀለሙ ላይ አንከባሉ፣ ከዚያ በብረቱ ላይ አንዴ ብቻ አሳልፉ። ስስ ወረቀት አልብሳችሁ በማንኪያ ጀርባ እሹት። ከፍ ያሉት ክሮች ቀለሙን ይይዛሉ፣ ሰንበሮቹ ነጭ ይቀራሉ። ከአምስት ሙከራ አንዱ ይሳካል። ቀለሙን በአልኮል ጠርጋችሁ ብረቱን እንደገና ዘይት ቀቡት። የተሳካውን ኅትመት አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ በ200 በመቶ አስተልቁ፣ ቅጂውን እንደገና በ200፤ አራት እጥፍ ይሆናል።

መቁጠር

በተተለቀው ላይ 64 በ64 ሚሊ ሜትር ካሬ ለዩ። በግራፍ ወረቀት በ16 ሚሊ ሜትር ሳጥኖች ክፈሉትና መስመር የነካቸውን ሳጥኖች ብቻ ቁጠሩ። ከዚያ በ8፣ በ4፣ በ2። እያንዳንዱን ቆጠራ ከሱ በፊት ላለው አካፍሉ።

ብልሃቱ ይህ ነው። ሳጥኑ በግማሽ ሲያንስ ቁጥሩ 2 እጥፍ ከሆነ የምትለኩት መስመር ነው፣ ዳይሜንሽኑ (ቅርጹ ቦታን ምን ያህል እንደሚሞላ የሚናገረው ቁጥር) 1። 4 እጥፍ ከሆነ የተሞላ ገጽ ነው፣ ዳይሜንሽኑ 2። በመካከል ሆኖ ከትልቅ እስከ ትንሽ ሳጥን ሳይለወጥ ከቀጠለ ፍራክታል ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1915 የታወቀው የሲየርፒንስኪ ሦስት ማዕዘን ሁልጊዜ 3 እጥፍ ይሰጣል፣ ዳይሜንሽኑም 1.58 ነው። የሒሳብ ሊቁ ማንደልብሮት በ1975 «ፍራክታል» የሚለውን ቃል ያወጣው ለእንደዚህ ዓይነቶቹ ነው።

የሜትዮራይቱ ኅትመት ሌላ ነገር ያደርጋል። በትላልቆቹ ሳጥኖች ሁሉም ይነካሉ፤ 16፣ ቀጥሎ 64፣ ማለትም 4 እጥፍ። ሳጥኑ በክሮቹ መካከል ካለው ርቀት ሲያንስ ባዶዎች መታየት ይጀምራሉ፣ እጥፉም ወደ 3፣ ከዚያ ወደ 2 ይወርዳል። ሳጥኑ ከቀለሙ ውፍረት እስኪያንስ አትሂዱ፤ ያኔ እንደገና ወደ 4 ይወጣና ያሳስታል። እጥፉ የተሰበረበት የሳጥን መጠን በ4 ሲካፈል የጥለቱን የራሱን ስፋት በግምት ይሰጣችኋል። ፍራክታል እንዲህ ያለ መሰበሪያ የለውም። ፕሌሳይት በደቂቅ ጥለት የተሞላበት ቁራጭ ከሆነ ከእሱ በታች ሌላ መሰበሪያ ታገኛላችሁ፤ ሁለት ደረጃ አለ ማለት ነው፣ ሦስተኛ አላየሁም።

ያ ስፋት ከየት መጣ? ብረቱ በአንድ ትንሽ ፈለክ ሆድ ውስጥ ከ900 ዲግሪ በላይ ሳለ አንድ ወጥ ክሪስታል ነበር። ሲቀዘቅዝ ካማሳይቱ በአራቱ አቅጣጫ እየሰፋ ኒኬሉን ወደ ጠርዙ ገፋ። ኒኬል በጠጣር ብረት ውስጥ የሚጓዘው እጅግ በዝግታ ነው፤ ሰንበሩ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚወስነው የማቀዝቀዣው ጊዜና የኒኬሉ መጠን ነው። የቅዝቃዜው ፍጥነት በሚሊዮን ዓመት ከጥቂት ዲግሪ እስከ ጥቂት ሺህ ዲግሪ ይደርሳል። በፋብሪካ ብረት ውስጥም ተመሳሳይ ቅርጽ አለ፣ ግን በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ፤ ለመስፋት ጊዜ አላገኘም። እጃችሁ ላይ ያለው ስፋት ሰዓት ነው፣ ፍራክታል ደግሞ ስፋት ስለሌለው ሰዓት መሆን አይችልም።

ማወዳደሪያ

ቆጠራው እንዳይጠረጠር በሌሎች ነገሮች ላይ ሞክሩት። ከመንገድ ዳር የጃካራንዳ ቅጠል አንሡና ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ አስነሡት። ከዋናው ዘንግ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ደቃቅ ቅጠል ይወጣል፣ ከዚያ ያቆማል፤ ሁለት ደረጃ። ቀጥሎ የተከዜን ሸለቆ የሳተላይት ምስል ፕሪንት አስደርጉና ገባሮቹን በእስክሪብቶ ተከተሉ። እጥፉ ከ2 በላይ ሆኖ ከሳጥን ሳጥን ብዙም ሳይናወጥ ታገኙታላችሁ፤ ወንዞቹ ከቪድማንሽቴተን ጥለት ይልቅ ፍራክታል ናቸው።

ቸርችል ጎዳና ላይ ከሚሸጡት የላሊበላ ዓይነት የእጅና የመጾር መስቀሎች አንዱንም ቁጠሩ። በየክንዱ ጫፍ ትንሽ መስቀል፣ በዚያ ጫፍ ከዚያም ያነሰ መስቀል ያለበትን ምረጡ። የክንዱን መስመር ብቻ በቀጭን እስክሪብቶ ወረቀት ላይ አውጡና በ16፣ በ8፣ በ4 እና በ2 ቁጠሩት፤ እጥፉ የሚለወጠው የሠሪው መጋዝ መግባት ያቃተው ቦታ ላይ ነው። በየወረቀቱ ጀርባ የሳጥኑን መጠን፣ ማተለቂያውንና ቀኑን ጻፉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የትኛው ቁጥር የየትኛው እንደሆነ አይታወስም።